ከቤት ካርታ በፊት የአንሶላ ቆጠራ



የዛሬው ጉዳዬ የላውንድሪ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ማሽኑ በማን ገንዘብ ይገዛል? ዕዳው በስንት ዓመት ይከፈላል? አበዳሪው ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ምን መጠየቅ አለበት? አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በአሰላ ከተማ ለላውንድሪ የሚሰጥ ገንዘብ በቤት ካርታ ሳይሆን በሥራ ውል መሰጠት አለበት ባይ ነኝ። የብድር ሠራተኛው «ካርታ አለዎት?» ከማለቱ በፊት «በቀን ስንት ኪሎ አንሶላ ይመጣልዎታል?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ያበቃኝን ምክንያት ነው የማስረዳችሁ።

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የአርሲ ዞን መቀመጫ ናት። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለባት፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ከየወረዳው የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል፣ ወደ በቆጂና ወደ ባሌ የሚያልፍ መንገደኛ ያድርባታል። ሥልጠናው፣ ስብሰባው፣ ሠርጉ፣ ምርቃቱ ሁሉም አልጋ ይፈልጋል። አልጋ ባለበት ደግሞ በየቀኑ የሚታጠብ አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ አለ።

እስቲ አንድ የሐምሌ ማለዳ እናስብ። በአንድ መካከለኛ ሆቴል ጓሮ ልብስ አጣቢዋ 12 ሰዓት ላይ ስትደርስ የሃያ አልጋ አንሶላ በሳፋ ተዘፍዝፎ ይጠብቃታል። በኦሞ ታሻለች፤ ወጥ ወይም ደም የነካውን ለይታ በረኪና ታደርግበታለች፤ ሦስት ውሃ ታለቀልቃለች። ከዚያ ከጓደኛዋ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ይጠመዝዙታል። የሰው ክንድ የቱንም ያህል ቢበረታ አንሶላው ውሃ እንዳዘለ ነው ገመድ ላይ የሚወጣው። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሶ ከዋለ ያ አንሶላ በማግስቱም አይደርቅም። ከገመድ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ኮሪደር ሲዘዋወር ሰንብቶ የእርጥበት ሽታ ይዞ አልጋ ላይ ይነጠፋል። በቀዝቃዛ ውሃ የዋሉት እጆች ምን እንደሚሆኑ እዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ልብስ አጣቢ እናቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

በዚህ መካከል የሆቴሉ ባለቤት ሳያስተውለው የሚያወጣው ወጪ አለ። በአግባቡ የሚሠራ ሆቴል ለአንድ አልጋ ሦስት ቅያሪ ይበቃዋል፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። ክረምት ላይ አንሶላው ሲዘገይ ግን አምስት ቅያሪ መያዝ የግድ ይሆናል። አርባ አልጋ ላለው ሆቴል ይህ ሰማንያ ትርፍ ቅያሪ ነው። ለዚያ የወጣው ገንዘብ የሚያገለግለው የደጋውን ዝናብ ለመጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማው አንድ ደኅና ማድረቂያ ያለው ላውንድሪ ቢኖር ከእሱ ጋር የሚዋዋሉት ሆቴሎች አንሶላ በመግዛት ላይ የሚያጠፉትን ገንዘብ ለማጠቢያ ሊከፍሉ ይችላሉ። ገበያ አለ የምለው ይህን ይዤ ነው።

ማሽኑ ለማን ይደርሳል ወደሚለው ስመጣ፣ አርሲ በዚህ ጥያቄ ከሌላው አካባቢ በፊት ዋጋ የከፈለ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ ብለን የምናውቀው፣ እዚሁ አሰላ ላይ ተተከለ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተዳቀለች ጊደር በብድር አቀረበ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማንሳት ነበር፤ ሥራውም ብዙ ፍሬ አፍርቷል። ሆኖም አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን አትራፊ ሲያደርገው፣ ሰፋፊ መሬት የነበራቸው ባለርስቶች ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ያን ጊዜ ጭሰኛው ትርፍ ሰው ሆነ። በጭላሎ አውራጃ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት መሬት ተነቅሏል። ድርጅቱ ጉዳዩን አይቶ ብድሩን በትንንሽ ገበሬዎች ላይ ለመወሰን ሞከረ፤ የመሬቱ ሥሪት ግን በእጁ አልነበረም። ያ ሥሪት የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ትራክተሩን አልከስም። በደል የመጣው ገንዘቡና ማሽኑ የርስት ማስረጃን ተከትለው በመሄዳቸው ነው። ዛሬ የላውንድሪ ብድር የቤት ካርታን ብቻ ተከትሎ ከሄደ፣ ማሽኑ ልብስ ማጠብን ጠንቅቃ ለምታውቀው ሴት አይደርስም። ለባለካርታው ይደርስና እሷን ከሆቴሉ ጓሮ ያስወጣታል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርግ ሕግ ደግሞ ዛሬ በእጃችን አለ።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድ ሥራ አዋጅ፣ ቁጥር 103፣ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሻለ። በተለምዶ ሊዝ ፋይናንስ የምንለው ይኸው ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ማሽኑን አንቺ ትመርጫለሽ፤ አከራዩ ድርጅት ከሻጩ ገዝቶ ያስረክብሻል፤ አንቺ እየሠራሽበት በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ኪራይ ትከፍያለሽ፤ ዕዳው ሲያልቅ ማሽኑ በውሉ መሠረት ያንቺ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ነው። ካልተከፈለው ማሽኑን ይወስዳል። ስለዚህ ዋስትናው ራሱ ማሽኑ ነው ማለት ነው። ከአዋጁ መሻሻል በኋላ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አክሲዮን ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በአዲስ አበባ አዲስ፣ በአማራ ዋሊያ፣ በትግራይ ካዛ፣ በደቡብ ደቦ፣ በእኛም ዘንድ በኦሮሚያ ስም የተጠራው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በሊዝ ማሽን ማቅረብ ጀመረ። ለዚሁ ሥራ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 200 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል።

አርሲ ይህን አሠራር በኮምባይነር በኩል ያውቀዋል። ኮምባይነር የሌለው ገበሬ በኩንታል እየከፈለ ያሳጭዳል፤ ባለማሽኑ በዚያ ገቢ ዕዳውን ይከፍላል። ማንም ሰው «ለስንዴዬ የራሴን ኮምባይነር ልግዛ» አይልም። ላውንድሪም በኪሎ ወይም በፍሬ እየተከፈለው ለብዙ ሆቴል የሚያጥብ ማሽን ነው። ልዩነቱ የሊዝ ፖሊሲው ሲነደፍ በአብዛኛው ማምረቻንና የግብርና ማቀነባበሪያን አስቦ መነሳቱ ነው። አገልግሎት ሰጪ ሲመጣ የአበዳሪው ፊት ይጠቁራል። ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። ሆስፒታል ያለ ንጹሕ አንሶላ ቀዶ ሕክምና አይሠራም፤ ሆቴል ያለ አንሶላ አልጋ አያከራይም። ቱሪዝምንና ጤናን እንደግፋለን ያለ ተቋም ላውንድሪን ከዝርዝሩ ሊያስቀር አይገባም።

ሁለተኛው ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ነው። በእኔ ግምት ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማሽን፣ ከብት፣ የእህል ምርት ብቻ ሳይሆን ከሌላ ሰው የሚሰበሰብ ክፍያም ዋስትና ሆኖ መያዝ ይችላል። በብሔራዊ ባንክ ሥር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አለ፤ አበዳሪው መብቱን እዚያ ያስመዘግባል። ይህን ወደ አሰላ አምጡት። አንዲት ሴት ከሆቴልና ከክሊኒክ ጋር የአንድ ዓመት የማጠብ ውል ካላት፣ በየወሩ የሚከፈላት ገንዘብ በሕግ ዋስትና ለመሆን የሚበቃ ንብረት ነው። ሕጉ ይህን ፈቅዶ እያለ በብድር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አሁንም ካርታ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ሕጉ ገና ከአዲስ አበባ አልተነሳም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ። የምጠራቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በያዛችሁት ፕሮፎርማ ትተኳቸዋላችሁ። 25 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን፣ ተመጣጣኝ ማድረቂያና መተኮሻ በድምሩ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣሉ እንበል። ባለሥራዋ 20 በመቶውን፣ 800,000 ብር፣ ከዕቁብና ከቁጠባ ታዋጣለች። ቀሪውን 3,200,000 ብር አበዳሪው ያቀርባል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው።

ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነና ዘመኑ አምስት ዓመት ከሆነ የወሩ ክፍያ 81,259 ብር ገደማ ይመጣል። ያንኑ ዕዳ በሦስት ዓመት ክፈዪ ከተባለች 115,688 ብር ይሆናል። ሦስተኛ መንገድም አለ። አበዳሪው ያንኑ 18 በመቶ ጠርቶ ወለዱን በመጀመሪያው ዕዳ ላይ አምስቱን ዓመት ሙሉ ሊያስብ ይችላል። ያን ጊዜ የወሩ ክፍያ 101,333 ብር ይሆናል። የተጠራው መቶኛ አንድ ነው፤ በወር የ20,000 ብር ልዩነት ግን አለ። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አትመለሱ። «ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ዕዳ ላይ?» በሉ፤ የየወሩን ክፍያ ሰንጠረዥ በወረቀት ተቀበሉ።

ክፍያውን ወደ ኪሎ እንቀይረው። በኪሎ 70 ብር ታስከፍያለሽ፤ ለሳሙና፣ ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለሠራተኛ 40 ብር ይወጣል፤ 30 ብር ይተርፍሻል እንበል። የአምስት ዓመቱን ክፍያ ለመሸፈን በወር 2,709 ኪሎ ማጠብ አለብሽ። በወር 26 ቀን ከተሠራ በቀን 104 ኪሎ ነው። ማሽኑ በቀን ስድስት ዙር ቢሠራ 150 ኪሎ ያጥባል፤ ስለዚህ ከአቅሙ ሰባ በመቶው ለዕዳ ይሄዳል ማለት ነው። የሦስት ዓመቱ ክፍያ ግን በቀን 148 ኪሎ ይጠይቃል። የማሽኑ አቅም በሙሉ ለአበዳሪው ሄደ፤ ላንቺ አንድ ሳንቲም አልተረፈም፤ አንድ ቀን መብራት ከጠፋ ዕዳ ውስጥ ነሽ። አንዱና ያው ሥራ፣ በአንዱና በያው ማሽን፣ በዘመኑ ርዝመት ብቻ ይኖራል ወይም ይሞታል። ብዙ ሰው «ቶሎ ከፍዬ ልገላገል» ይላል። ማሽኑ አሥር ዓመት የሚሠራ ከሆነ በሦስት ዓመት ለመገላገል መጣደፍ ራስን መጉዳት ነው።

ሥራውስ ይገኛል? አርባ ክፍል ያለው ሆቴል ከክፍሎቹ ስድሳ በመቶው ቢያዝ በቀን ሃያ አራት ክፍል ነው። ከአንዱ ክፍል በቀን ሦስት ኪሎ ቢወጣ 72 ኪሎ፣ በወር 2,160 ኪሎ ይሆናል። ለአምስት ዓመቱ ክፍያ 549 ኪሎ ይጎድላል፤ ያንን ከአንድ ክሊኒክና ከአንድ ሁለት የእንግዳ ማረፊያዎች ማግኘት ይቻላል። የብድር ሠራተኛው ይህን ስሌት በአንድ ከሰዓት ሠርቶ መጨረስ ይችላል። ሆቴሉ ድረስ ሄዶ የክፍል መዝገቡን ማየት፣ አንሶላውን መመዘን፣ የማጠብ ውሉን ማንበብ ነው የሚጠበቅበት። የቤት ካርታ ከእነዚህ ስለ አንዱም አይነግረውም። ካርታ የሚነግረው ሥራው ሲከስር ምን እንደሚሸጥ ነው።

ፕሮፎርማውንም እንዴት እንደምታነቡት ልናገር፤ ብዙ ብድር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የመብራቱን ዓይነት እዩ። ትልልቆቹ ማሽኖች የሚሠሩት በስሪ ፌዝ ነው። ማሽኑ ገብቶ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ሳይገባ ሁለት ወር ቢቆም፣ በምሳሌያችን 162,518 ብር ሳይሠራበት ይከፈላል ማለት ነው። ስለዚህ የእፎይታ ጊዜው መቆጠር ያለበት ገንዘቡ ለሻጩ ከተላለፈበት ቀን ሳይሆን ማሽኑ ተተክሎ ተሞክሮ ሥራ ከጀመረበት ቀን ነው። ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

ቀጥሎ አተካከሉ። አንዳንዱ ማሽን ከወለሉ ጋር በኮንክሪት መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ ሲጠመዝዝ ይዘላል። ሌላው ግን በራሱ ስፕሪንግ ላይ የቆመ ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም፤ ዋጋው ከፍ ይላል። የምትሠሩት በኪራይ ቤት ከሆነ ባለቤቱ ወለሉ እንዲቆፈር ይፈቅዳል? የቤት ኪራይ ውላችሁስ ስንት ዓመት ነው? የማሽኑ ሊዝ አምስት ዓመት ሆኖ የቤቱ ውል አንድ ዓመት ከሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ዕዳችሁንና ማሽናችሁን ይዛችሁ መንገድ ላይ ናችሁ።

የከፍታውን ነገር ከሻጮች አንደበት ብዙም አትሰሙም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያም በቆላ የሚሰጠውን ሙቀት እዚህ አይሰጥም፤ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። ጄነሬተርም እንዲሁ ጉልበቱ ይደክማል። አዳማ ላይ 25 ኪሎ በአርባ ደቂቃ ያደረቀ ማሽን አሰላ ላይ ያንን ላይደግም ይችላል። ስለዚህ ማድረቂያውን ከማጠቢያው ከፍ ያለ ምረጡ፤ በደንብ የሚጠመዝዝ ማጠቢያ ደግሞ የማድረቂያውን ወጪ ይቀንሳል። የሆስፒታል ሥራ ከያዛችሁ የሙቀቱ ነገር ሕይወት ነው። የተለመደው መመዘኛ ቢያንስ 71 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ25 ደቂቃ ማጠብ ነው። የሆስፒታሉ ልብስ ከሆቴሉ ልብስ ጋር በአንድ ዙር አይገባም፤ ቆሻሻው የሚገባበትና ንጹሑ የሚወጣበት በር ይለያል።

ውሃ ለአንድ ኪሎ 15 ሊትር ቢፈጅ በቀን 104 ኪሎ ለማጠብ 1,560 ሊትር ነው። ቧንቧ ለሦስት ቀን ቢጠፋ ላለመቆም ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ያስፈልጋል። ሮቶውም፣ ፓምፑም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ከማሽኑ ጋር በብድሩ ውስጥ ይካተቱ። ለማሽኑ ተበድሮ ለሮቶው ገንዘብ ያጣ ሰው ሥራ አይጀምርም።

ስለ ዋጋ መለዋወጥ አጭር ነገር ልበል። ማሽኑም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ቢልም ገንዘብ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚገፋው ትንሹ ተበዳሪ ነው። የፕሮፎርማ ዕድሜ አጭር ነው፤ የብድር ኮሚቴ ግን ይዘገያል። አበዳሪዎች ሆይ፣ ለዚህ ሥራ ውሳኔያችሁ ፕሮፎርማው ሳያረጅ ይድረስ። እናንተም ማሽን ስትመርጡ ቴክኒሻኑና መለዋወጫው አገር ውስጥ ያለውን ምረጡ። የበር ጎማና ቀበቶ ከውጭ እስኪመጣ ወር ከቆማችሁ ርካሹ ማሽን ውድ ሆነ ማለት ነው።

ወለድ ለማይነኩ ወገኖቻችንም መንገዱ ክፍት ነው። በአርሲ ይህ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ በሌሎቹ ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አለ። በሙራባሃ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥላችኋል፤ ዋጋው ከተፈረመ በኋላ አይጨምርም። ኢጃራ ደግሞ ኪራይ ነው፤ ከሊዙ አዋጅ ጋር በብዙ ይገናኛል። የላውንድሪ ማሽን የሚታይ፣ የሚቆጠር ዕቃ ስለሆነ ለሁለቱም ይመቻል።

በስልክ ያለ ዋስትና የሚለቀቁ እንደ ሚቹ ያሉ ብድሮች ለሳሙናና ለበረኪና መግዣ ይጠቅማሉ። ማሽን ግን በእነሱ አትግዙ። በጥቂት ወራት የሚመለስ ብድር አምስት ዓመት የሚከፈልበትን ዕቃ አይሸከምም።

አሁን ስለ ክፍያው ወቅት። ሆቴል በጥርና በሚያዝያ በሠርግ ይሞላል፤ በጾምና በክረምት ይቀዘቅዛል። የመንግሥት ተቋም በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ በጀት ተለቆ ክፍያ እስኪወጣ ሐምሌና ነሐሴ ይደርቃሉ። ለኮምባይነር የመኸር ወራትን ጠብቆ የሚከፈል ዕዳ ይገባችኋል፤ ለላውንድሪም እንዲሁ አድርጉ። በሐምሌና በነሐሴ ወለዱን ብቻ፣ በጥርና በሚያዝያ ከፍ ያለ ክፍያ የሚል ሰንጠረዥ ማውጣት የባንኩን ገንዘብ አያጠፋም። ተበዳሪዋን በሐምሌ አስጨንቆ ባለዕዳ ብሎ መመዝገብ ግን ሁለቱንም ያከስራል።

የተቀረው ነገሬ ለእናቶችና ለእህቶች ነው። ይህ ሥራ የእናንተ ነው። የትኛው ቆሻሻ በምን እንደሚለቅ፣ የትኛው ጨርቅ ሙቅ ውሃ እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አምስት ስድስት ሆናችሁ በማኅበር ተደራጁ። ዛሬ በእጅ የምታጥቡበትን ገቢ በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበሉ፤ የስድስት ወር የገቢ መዝገብ አበዳሪ ፊት ምስክር ነው። ከሁለት ሆቴሎች ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረውና በ2014 ዓ.ም. ባንክ ሆኖ ሥራ የጀመረው ሲንቄ ባንክ ስሙን የወሰደው የአርሲ ባለትዳር ሴት መብቷን ከምታስከብርበት በትር ነው። ያንን ስም የተሸከመ ተቋም እናንተን ለመስማት ከማንም በፊት በሩን ቢከፍት የሚያምርበት ነው።

የሆቴልና የክሊኒክ ኃላፊዎች፣ የማጠብ ውል ስትሰጡ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ስጡ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ይሁን። የባንክና የሊዝ ኃላፊዎች፣ ያንን ውል በተንቀሳቃሽ ንብረት መዝገብ አስመዝግባችሁ በዋስትናነት ተቀበሉ፤ ዘመኑን አምስት ዓመት አድርጉ፤ እፎይታውን ማሽኑ ሥራ ከጀመረበት ቀን ቁጠሩ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ከዚህ አዳራሽ የመጣች ሴት የአንሶላ ቆጠራዋንና ውሏን ይዛ ፊታችሁ ብትቆም፣ ካርታ ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቷን ተቀብላችሁ አንብቡላት።